ተራ ሰባት

የአባቴ ቅጽል ስም «አንድ አናጺ» ነው። ሰፈሩ በሙሉ በዚህ ነው የሚጠራው፤ ባለሱቁ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ትናንት አፍ የፈቱ ሕፃናት ሳይቀሩ። ስሙ የወጣለት የዛሬ ሃያ ዘጠኝ ዓመት፣ የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት በሬዲዮ ቀርበው «አንድ አናጺ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል» ብለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ያነበቡ ለት ነው። «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እንጨቱ እጄ እስኪገባ ከምጠብቅ፣ ዛፍ ተክዬ እስኪያድግ ብጠብቅ ይቀርበኛል።» አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «የኔ ናት! ይቺ የኔ ናት!» እያለ ጮኸ። እኔ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አቅፎ ሲያሽከረክረኝ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ሄዶ አምፖሉን ሰበረው። ችግሩ፣ በዚያች ሰዓት በከተማው ውስጥ መዶሻ የሚያነሳ ሰው ሁሉ «የኔ ናት» ብሎ መጮኹ ነው።

መጮኻቸው አይፈረድባቸውም። በዚያ ዘመን እንጨት የሚገኘው ከአንድ ማከፋፈያ ብቻ ነበር። ፈቃድ ትጠይቃለህ፣ ትሰለፋለህ፣ ነገ ና ትባላለህ፤ ነገ ስትመጣ ደግሞ ትናንት ለምን አልመጣህም ትባላለህ። ፕሬዚዳንቱ ያቺን ዓረፍተ ነገር ባነበቡ በሳምንቱ ማከፋፈያው ቀረና ማንኛውም ባለሙያ ከእንጨት መሰንጠቂያው በቀጥታ እንዲገዛ ተፈቀደ። ያችን መስመር የጻፈ ሰው እንግዲህ የአገር ሕግ በእርሳስ አስለውጧል ማለት ነው። ማን ይህን ክብር ለሌላ ይለቃል?

ከሁሉም የባሰው የአጎቴ ጩኸት ነበር። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ከአባቴ ጋር በአንድ ወርክሾፕ፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት ቆመው እንጨት የሚልጉ ባልንጀሮች ነበሩ። እሱም ጽፌያለሁ አለ። እሱም መስመሯ የኔ ናት አለ። አንዱ ሌባ፣ ሌላው ውሸታም ተባባሉ፤ በሳምንቱ ወርክሾፑ መሐል ለመሐል በጠመኔ ተሰመረ፣ በወሩ አጎቴ መጋዝና መላጊያውን ሸክፎ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እናቴ ወንድሟን ልትጠይቅ ስትሄድ ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች፤ ብቻዋን። «እነሱ ተጣሉ፣ እኔ ተቀጣሁ» ትላለች።

እኔ ደግሞ አድጌ፣ ተምሬ፣ ቤተ መዛግብት ውስጥ የሰነድ ባለሙያ ሆንኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ወረቀት አስተካክያለሁ፤ የአባቴ ደብዳቤ ግን እጄ ሊገባ አልቻለም፤ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሰነዶች በሕግ ተዘግተው ነበርና። የዛሬ ስድስት ወር የመዝጊያው ጊዜ አበቃ። ሦስት መቶ አርባ ካርቶን በሦስት መኪና መጣልን። አባቴ ይህን የሰማ ዕለት ሱፉን አስተኩሶ ሰቀለ።

«ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው» አለኝ። «ሌላ ነገር አልፈልግም። ሳልሞት ያ ሰውዬ ውሸታም አለመሆኔን ይወቅልኝ።»

«ያ ሰውዬ» አጎቴ ነው። ከዚያ በኋላ ከሥራ በገባሁ ቁጥር ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ «አገኘሽው?» ይለኛል። «አላገኘሁም አባዬ።» «በደንብ እይ እንጂ! ዓይንሽን ምን ነካው?» እናደድና «አባዬ፣ ሦስት መቶ አርባ ካርቶን ነው!» እላለሁ። «ታዲያ ስድስት ወርስ ትንሽ ነው?» ይላል። ንዴቴ ከማን እንደተወረሰ ለማወቅ የዘር ሐረግ መቁጠር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ላድበሰብሰው ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

የክፍላችንን ኃላፊ ሁላችንም «ማህተም» ነው የምንለው። ማህተሙን ከኪሱ አያወጣም፤ ምሳ ሲበላ እንኳ በግራ እጁ እየዳሰሰ ነው የሚበላው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ኦዲተር የሚባል ፍጡር ከአልጋው ሥር ተኝቶ የሚጠብቀው የሚመስለው ሰው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ጠራኝና «መጋዘኑ ሞልቷል። ከፕሬዚዳንቱ ወረቀት ውስጥ ተራ ተራውን ለይተሽ አውጪልኝ፤ ለወረቀት ፋብሪካ ይሄዳል» አለኝ። እሺ ብዬ ወረድኩ። እኔ ልቤ ያለው ቀይ ሽፋን ያላቸው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ፋይሎች ላይ ነው፤ የሚኒስትሮች ቃለ ጉባኤ፣ የአዋጅ ረቂቅ፣ በሦስት ቀለም የታረመ ንግግር። እነሱን ትቼ ሌላውን መቃኘቱ አንገበገበኝ። ታዲያ ከጥግ ላይ አሥራ አንድ ካርቶን ተደርድሮ አየሁ፤ እያንዳንዱ ላይ በወፍራም ቀለም «ተራ» ተብሎ ተጽፏል። ተራ 1፣ ተራ 2፣ እስከ ተራ 11። የድሮዎቹ ራሳቸው ተራውን ለይተው አስቀምጠውልኛል ብዬ ሳቅኩ! ተራ ሦስትን ከፍቼ አንድ ወረቀት አነሳሁ፤ ስለ መኪና ጎማ ያወራል። ዘጋሁት። ማስወገጃ ዝርዝሩ ላይ «ተራ ደብዳቤዎች፣ 11 ካርቶን» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ እንኳን ልለቅም ማፍሰሴንም አላወቅኩም።

ረቡዕ ጠዋት ነበር። ከመኪና ማቆሚያው የጭነት መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ወረቀት የሚወስዱት መጥተው ይጭናሉ። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀይ ሽፋን ያለው ፋይል ከፍቼ የሻይ ኩባያዬን ከሰነዱ አርቄ ተቀምጫለሁ። ፋይሉ «የሬዲዮ ፕሮግራም የዓመት ዕቅድ» ይላል። ፕሬዚዳንቱ በየወሩ ከሕዝብ የመጣ ደብዳቤ በሬዲዮ ያነቡ እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ እንዴት እንደሚመርጡ ግን ማንም አያውቅም ነበር። ገጹን ገለጥኩ።

«ተራ አንድ፦ ዳቦ ጋጋሪዎች። ተራ ሁለት፦ ልብስ ሰፊዎች። ተራ ሦስት፦ ባለታክሲዎች።»

ባለታክሲዎች። ጎማ! ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ወረድኩ፤ አራት ጫማ ሰፊዎች፣ አምስት ብረት በያጆች፣ ስድስት ባለወፍጮዎች።

«ተራ ሰባት፦ አናጺዎች።»

ከወንበሬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ተራ ማለት መናኛ ማለት አልነበረም፤ ወረፋ ማለት ነው! ሰዎቹ በየሙያቸው ተራ ተሰጥቷቸው ነበር። እኔ ደግሞ፣ የአንድ አናጺ ልጅ፣ የአናጺዎቹን ካርቶን በገዛ እጄ ቆሻሻ ብዬ ፈርሜ ልኬያለሁ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቷል። ፋይሉን እንደያዝኩ ደረጃውን እግሬ አውጪኝ ብዬ ወረድኩት፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ጫማዬ ሲወልቅ ሌላኛውንም አውልቄ ጣልኩ።

መኪናው ተጭኖ አልቋል። ሹፌሩ የኋላውን ስፖንዳ እየቆለፈ ነው።

«ወንድሜ ቁም! አሥራ አንድ ካርቶን በስህተት ገብቷል፤ አውርድልኝ!»

ሹፌሩ መጀመሪያ ፊቴን አየ፤ ከዚያ ባዶ እግሬን አየ። «እህቴ፣ ተጭኗል።»

«መጫኑንማ አያለሁ! አውርደው ነው የምልህ።»

«የተጫነ ዕቃ ያለ ማህተም አይወርድም» ብሎ ወረቀቱን አሳየኝ። «ለመጫን ማህተም አለኝ። ለማውረድ የለኝም። ፋብሪካው ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ በሩን ይዘጋል፤ ከዚህ አንድ ሰዓት መንገድ ነው። አሁን አራት ተኩል ሆኗል።»

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ።»

«አሥራ አምስት ደቂቃ» አለ፤ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምንድነው ያለው ውስጡ? የቤት ካርታ ነው?»

«የአባቴ ስም ነው ያለው!» ብዬ ወደ ላይ ሮጥኩ። አራተኛ ፎቅ፣ ማህተም ቢሮ።

ማህተም ዝርዝሩን ከመሳቢያው አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው፤ ጣቱን የኔ ፊርማ ላይ አሳርፎ «ፈርመሻል» አለ።

«ፈርሜያለሁ። ተሳስቼ ነው የፈረምኩት።»

«ሰው ተሳስቶ ይፈርማል እንዴ?»

እርስዎ በቀን ስንቴ ያደርጉታል ልል ነበር፤ ምላሴን ነከስኩ። «ይስሙኝ። ተራ ማለት ወረፋ ማለት ነው። የሬዲዮ ወረፋ። ይኸው ዕቅዱ!»

ዕቅዱን አነበበ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ እንደገና አነበበ። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ማህተም መነጽሩን ለመጥረግ የሚወስደው ጊዜ ብቻውን አንድ ታክሲ ከተማውን ያዞራል። «ተራ ማለት ወረፋ ሊሆን ይችላል» አለ በመጨረሻ። «ተራ ማለት መናኛም ሊሆን ይችላል። ተራ ቁጥርም ሊሆን ይችላል፤ ተራ አንድ፣ ተራ ሁለት። ካርቶን ቁጥር የለውም? ኦዲተር መጥቶ በማህተም የጸደቀ ነገር ለምን አወረድክ ቢለኝ የቱን ተራ ልበለው?»

ያናደደኝ ጥያቄው ትክክል መሆኑ ነው። በሦስት ትርጉም መሐል ቆሜ ላቤን ጠረግኩ። ያኔ ነው የርክክቡን ሰነድ የፈረሙት የፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ትዝ ያሉኝ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ስልካቸው ግን ሰነዱ ላይ አለ። ከማህተም ጠረጴዛ ላይ ስልኩን ፈቃድ ሳልጠይቅ አንስቼ ደወልኩና ድምፅ ማጉያውን ተጫንኩት።

«ሃሎ! እትዬ፣ ከቤተ መዛግብት ነው!»

«ከየት?»

«ቤተ መዛግብት! ስለ ተራ ልጠይቅዎ ነበር!»

«ማነው ተራ?» የአሮጊቷ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ እንደ ጅራፍ ጮኸ። «ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አገልግዬ እኔ ነኝ ተራ?»

«ኧረ እርስዎን አይደለም እትዬ! ካርቶኑን ነው! ካርቶኑ ላይ ተራ ተብሎ ተጽፏል!»

«እንዴታ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት!» ወዲያው ድምፃቸው ተለወጠ፤ ሲስቁ ይሰማል። «እሳቸው ጠዋት ሲገቡ ሰላምታቸው ምን ነበር መሰለሽ? ‹ዛሬ ተራው የማን ነው?› በየወሩ የአንድ ሙያ ሰዎችን ደብዳቤ አንድ ሳይቀር ያነቡ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ሲያልቅ ልብስ ሰፊው። ሚኒስትሮቹ የሚያመጡት ጥናትማ መስኮት እንዳይዘጋ ማስደገፊያ ነበር፤ ፖሊሲው የወጣው ከነዚያ ካርቶኖች ነው። ከቀይ ፋይሎቹ ይልቅ እነሱን ተጠንቀቁልኝ ብዬ ነው ያስረከብኩት።» ሳቃቸው ተቋረጠ። «ምነው? ምን አደረጋችኋቸው?»

ማህተምና እኔ ተያየን። ከታች የመኪናው ሞተር ተነሳ።

እንግዲህ ይህን ያላየ ሰው አያምነኝም፤ ማህተም ሮጠ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ፈጥኖ ሲራመድ እንኳ አይቼው የማላውቀው ሰው፣ ማህተሙን በቀኝ፣ የቀለሙን ሳጥን በግራ ይዞ ደረጃውን ሦስት ሦስት እየዘለለ ወረደ። እኔ ከኋላው፣ ስልኩ ላይ ደግሞ እትዬ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላሉ። ውጭ ስንደርስ መኪናው ሁለት እርምጃ ያህል ተንቀሳቅሷል። ማህተም ፊቱ ገብቶ ቆመና ማህተሙን ሽቅብ አነሳው፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠ።

«ወረቀትህን አምጣ!»

ሹፌሩ በመስኮቱ አቀበለው። ማህተም ሞተሩ ክዳን ላይ ዘርግቶ «አሥራ አንድ ካርቶን ይውረድ፤ በስህተት የተጫነ» ብሎ ጻፈና ማህተሙን ቧ አደረገው። ሁለቴ። የመጀመሪያው በደንብ ታትሞ ነበር፤ ሁለተኛው ደስ ብሎት ነው።

ካርቶኖቹን ሦስታችን አወረድናቸው። ወደ ሰባተኛው ስጠቁም ሹፌሩ ራሱ ተሸከመውና «የአባትሽ ይቺ ናት?» አለኝ። መጋዘኑ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ክዳኑን አነሳሁት።

ከላይ አንድ ቀጭን ወረቀት ነበር፤ በታይፕ የተጻፈ፣ ግርጌው ላይ በቀይ እርሳስ ተጨምሮበታል። ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፤ ስለ እንጨት የጻፉት አናጺዎች አርባ ሦስት ናቸው። አሥራ ዘጠኙ ስለ ዛፍ መትከል ያቺኑ ቀልድ ጽፈዋል፤ ማከፋፈያው ደጃፍ ሲሰለፉ የሚያወሯት ሳትሆን አትቀርም። ስማቸው ከተጠራ ማከፋፈያው ቂም ይይዝባቸዋል፤ አርባ ሦስት ናቸው ከተባለም መዝገቡን አይቶ ይለያቸዋል። ‹አንድ አናጺ› ቢባል ምን ይመስልዎታል?» በቀይ እርሳስ ደግሞ፦ «ይሁን። ሁሉም እሱ ይሁን።»

ቁጭ አልኩ፤ መሬት ላይ። አንድም ውሸታም አልነበረም! ማከፋፈያው ደጃፍ ተሰልፎ ያቺን ቀልድ የጻፈ ሁሉ «የኔ ናት» ሲል እውነቱን ነበር። ሳቄ መጣ፣ እንባዬ መጣ፣ ሁለቱም አንድ ላይ መጡ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው የተሰዳደበው፣ ወርክሾፕ የተከፈለው፣ እናቴ አውቶቡስ ላይ ያረጀችው፣ እነሱን ለመጠበቅ ተብላ በተመረጠች «አንድ» በምትባል ቃል ነው። ሹፌሩ «እና አባትሽ አሉ ወይስ የሉም?» ብሎ ጮኸብኝ። ለካ ፋብሪካውን ረስቶ ቆሟል።

አባቴ ነበር። አራት ገጽ፤ የመጀመሪያው ገጽ ሙሉ ሰላምታ፣ ሁለተኛው በማከፋፈያው ላይ ስድብ፣ ሦስተኛው ላይ መስመሯ። ትንሽ ቆይቶ የአጎቴን አገኘሁት፤ አንዲት ገጽ ናት፣ በአናጺ እርሳስ ተጫን ተጫን ተደርጋ የተጻፈች። እሱም ውስጥ መስመሯ አለች። ከሷ ሥር ሌላ ነገር ነበር። አንብቤው እንዳበቃሁ ቀጥታ ወደ ቤት ደወልኩ።

«አገኘሽው?» አለ አባቴ ገና ሃሎ ሳልል።

«አባዬ፣ ሱፍህን ልበስ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ንባብ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ ፀጉሩን አርሷል፣ መነጽሩን ሦስት ጊዜ ጠርጓል። ማህተም ራሱ ካርቶኑን ተሸክሞ አመጣለትና «አባባ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለው። አባቴ መጀመሪያ የራሱን ደብዳቤ አነበበ፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ አንዳንድ ስድብ ላይ ሲደርስ «እሰይ!» እያለ። መስመሯ ላይ ጠረጴዛውን መታ። ንባብ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ መምታት ክልክል ነው፤ ማንም አልተናገረውም። ከዚያ ቀጭኑን ወረቀት ሰጠሁት።

«አርባ ሦስት?» አለ። ፊቱ ጠቆረ። «አርባ ሦስት! ታዲያ እኔ ምኔ ነው?»

«አንዱ ነህ አባዬ። አልዋሸህም። እነሱም አልዋሹም።»

«አርባ ሦስት…» ቅር አለው፤ አልደበቀውም። የአገር ሕግ ብቻውን ያስለወጠ ሰው ወዲያው ከአርባ ሁለት ሰው ጋር ተካፈል ሲባል ቅር ባይለው ነው የሚገርመው። ያን ጊዜ የአጎቴን ደብዳቤ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ጽሕፈቱን ገና ሲያየው አወቀው፤ ዓይኑን ወደ ሌላ አዞረ። «የሱን ለምን አነባለሁ?»

«የመጨረሻዋን ብቻ» አልኩት።

ወረቀቱን ቀና አድርጎ አነበበ። እኔ ቃል በቃል ይዣታለሁ፦ «ክቡር ሆይ፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ እንጨት ቢገኝ ለኔ ሳይሆን አብሮኝ ለሚሠራው ለእህቴ ባል ይሰጥልኝ። አራት ልጆች አሉት። እጁም ከኔ እጅ ይሻላል። ይህችን ግን ለሱ አይንገሩብኝ።»

አባቴ አንድ ጊዜ አነበበው። ደገመው። ሦስተኛ ሲጀምር መነጽሩን አወለቀ፤ ያለ መነጽር ማንበብ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ዝም ብሎ ወረቀቱን ያዘ።

«የኔ ደብዳቤ ውስጥ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የሱ ነገር የት ላይ ነው ያለው?»

ልዋሸው እችል ነበር። አባቴን ከምንም በላይ እወደዋለሁ፤ ያን ቀን ደግሞ ለውሸት የቀረኝ አቅም አልነበረም። «የለም አባዬ። ሰላምታ አለ፣ ስድብ አለ፣ የራስህ ችግር አለ። የሱ የለም።»

ተነሳ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ፤ አናጺ ወንበር ከቦታው ውጭ ትቶ አይሄድም። «ታክሲ ጥሪልኝ። እናትሽንም ከቤት እንውሰዳት፤ ቤቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።»

እናቴን ከበር ላይ አነሳናት። ወዴት እንደምንሄድ ከሰማች ጀምሮ የታክሲውን ሹፌር ትከሻ እየነካች «በግራ፣ አሁን በቀኝ፣ ፍጠን ልጄ፣ ፍጠን» ብቻ ትለዋለች። አባቴ መሐላችን ተቀምጧል። ልጅ ሆኜ ለፈተና ሲያደርሰኝ እሱ ነበር እጄን የሚይዘው። እጁን ያዝኩት፤ አልተወኝም።

የአጎቴ ወርክሾፕ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አጎቴ ብቻውን አንድ ሙሉ በር ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ይልጋል፤ በሩ ይንሸራተትበታል፣ በክርኑ ይጫነዋል። ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ቀና ብሎ አየን፤ መላጊያው እጁ ላይ ቆመ። ዓይኑ ከእናቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አባቴ ሄደ።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ማንም አልሞተም» አለ አባቴ። የእንጨቱ ፍቅፋቂ መሐል ቆሞ ኮቱን ይቆልፋል፣ ይፈታል። «ደብዳቤህን አነበብኩት።»

«የቱን?»

«ለፕሬዚዳንቱ የጻፍከውን።»

አጎቴ መላጊያውን በጎኑ አስተኛው። «ታዲያ አለች? መስመሯ?»

«አለች።»

«አላልኩህም!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። «ሃያ ዘጠኝ ዓመት አላልኩህም?»

«የኔም ውስጥ አለች። አሥራ ዘጠኝ ሰው ጽፏታል። አርባ ሦስት ነበርን።»

እናቴ «አርባ ሦስት?» አለች፤ ደገመችው፤ ከዚያ እንጨት ክምር ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። አጎቴ ግን አልሳቀም። አባቴን ትክ ብሎ ያየዋል፤ የሆነ ነገር ትዝ ብሎታል።

«እስከ መጨረሻው አነበብከው?»

«እስከ መጨረሻው።»

አጎቴ አንገቱን ደፋ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፍቅፋቂ በመዳፉ ጠረገ፤ ቀድሞ የተጠረገውን ቦታ እንደገና ጠረገ። «አይንገሩብኝ ብዬ ነበር እኮ» አለ።

አባቴ ኮቱን አወለቀና ግድግዳው ላይ ምስማር ፈልጎ ሰቀለው። እጅጌውን ጠቀለለ። ዞሮ ሄዶ የሚንሸራተተውን በር በዚያኛው ጫፍ ያዘለት።

«ከፍ አድርገው» አለው አጎቴ።